ዛንዚባር ላይ ለአንድ ቀን ጀልባ ለብቻ ተከራይቶ ደሴት መሄድ፤ የሄዳችሁ ንገሩኝ

የመንታ_እናት

ሰላም ቤቶች። ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ለ5 ቀን ዛንዚባር ነን። እኔ፣ ባለቤቴ፣ የ7 ዓመት መንታ ልጆቻችንና እማዬ። እማዬ 68 ዓመቷ ነው። ባሕር ከቴሌቪዥን ውጪ አይታ አታውቅም።

አንዱን ቀን ጀልባ ለብቻችን ይዘን ደሴት ደርሰን ለመመለስ አስበናል። ከማናውቃቸው ሃያ ሰዎች ጋር ተጠቅጥቆ መሄዱን ፈራሁት። እማዬ ሲደክማት "በቃ እንመለስ" ማለት መቻል አለብኝ። ሆቴላችን ስቶን ታውን፣ አሮጌው ከተማ ውስጥ ነው።

ችግሬ ምርጫው ነው። ምኔምባ ይላሉ፣ ናኩፔንዳ ይላሉ፣ ቻንጉ ይላሉ። ፎቶው ላይ ሁሉም አንድ ነው፤ ሰማያዊ ውሃና ነጭ አሸዋ። የቱ ነው ለእኛ የሚሆነው? ዋና የሚችለው ባለቤቴ ብቻ ነው። እሱም የለመደው ሐይቅ ላይ ነው።

ጨዋማ

እህቴ፣ ምኔምባን ከወዲሁ ሰርዢው። ቦታው መጥፎ ስለሆነ አይደለም፤ እንዲያውም ከሁሉም የሚያምረው እሱ ነው። ግን ለእናንተ አይሆንም።

አንደኛ፣ ያለው በሰሜን ምሥራቅ በኩል ነው። ከስቶን ታውን መጀመሪያ በመኪና ደሴቱን አቋርጣችሁ ማቴምዌ ወይም ኑንግዊ መድረስ አለባችሁ። ከዚያ ነው ጀልባው። ሁለተኛ፣ ይህን ብዙ ሰው ሳያውቅ ይሄዳል፤ ደሴቱ ላይ መውረድ አይቻልም። የግል ሎጅ ነው። እዚያ ያላደረ ሰው እግሩን አያሳርፍበትም። የምትከፍሉት ዙሪያውን ውሃ ሥር ባለው የኮራል አለት ላይ ለመዋኘት ነው። ዋና ለማይችል ሰው ደግሞ ጀልባ ላይ ቁጭ ብሎ ሌላው ሲዋኝ ማየት ነው የሚተርፈው።

እኔ ባለቤቴን "ደሴት ላይ ምሳ እንበላለን" ብዬ ነው የወሰድኳት። ጀልባው ቆመና ካፒቴኑ የዋና ማስክ አቀበለን። "ደሴቱስ?" ስትለው በጣቱ አሳያት። እስከ ዛሬ ታነሳብኛለች።

ደረቅ_መሬት

ሐሳብ ልስጥ። ለብቻ ጀልባ መያዝ ጉራ ነው። የጋራው ጉዞ ያንኑ ባሕር፣ ያንኑ አሸዋ ነው የሚያሳየው። ትርፉ ገንዘብ ማፍሰስ ነው።

ጨረቃ_ቆጣሪ

@ደረቅ_መሬት ለወጣት እውነትህን ነው። ከእናትና ከሕፃናት ጋር ግን ልዩነቱ ጉራ አይደለም፣ ሰዓት ነው። የጋራ ጀልባ የሚነሳው ሰው ሲሞላ ነው። የግል ጀልባ የሚነሳው ውሃው ሲፈቅድ ነው። ዛንዚባር ላይ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ትንሽ ላብራራ፤ ታገሡኝ፣ ይህን ነገር እወደዋለሁ።

ሐይቅ የለመደ ሰው ውሃ ባለበት የሚቆይ ይመስለዋል። ውቅያኖስ እንደዚያ አይደለም። በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። ከሙላት እስከ ጉድለት ስድስት ሰዓት ከትንሽ ደቂቃ ነው። ሰዓቱም በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ ገደማ ወደፊት ይገፋል። ስለዚህ ጓደኛሽ ባለፈው ሳምንት የሄደችበት ሰዓት ለአንቺ አይሠራም።

መጠኑም እንደ ጨረቃዋ ነው። ጨረቃ ሙሉ ስትሆን፣ ወይም አዲስ ስትወጣ፣ ፀሐይና ጨረቃ በአንድ መስመር ሆነው ውሃውን ይስቡታል። ያኔ ዛንዚባር ላይ በሙላቱና በጉድለቱ መካከል እስከ 4 ሜትር የሚደርስ ልዩነት አለ። አንድ ፎቅ በለው። ጨረቃ ግማሽ ስትሆን ልዩነቱ በጣም ያንሳል።

አሁን ወደ ናኩፔንዳ እንምጣ። ናኩፔንዳ ደሴት አይደለም። ከስቶን ታውን ፊት ለፊት ባሕር መሐል የሚወጣ የአሸዋ ክምር ነው። ስሙ በስዋሂሊ "እወድሃለሁ" ወይም "እወድሻለሁ" ማለት ነው። ውሃው ሲጎድል ብቅ ይላል፣ ሲሞላ ይሰምጣል። ዛፍ የለውም፣ ጥላ የለውም። ዣንጥላውንም ምሳውንም ጀልባው ነው ይዞት የሚሄደው። በትክክለኛው ሰዓት ከደረሳችሁ ከዚያ የሚያምር ነገር የለም። ተሳስታችሁ ከሄዳችሁ ግን የሚጠብቃችሁ ባዶ ባሕር ነው።

ስለዚህ ጀልባውን ከመምረጥሽ በፊት ቀኑን ምረጪ። ኢንተርኔት ላይ "ታይድ" የሚባለውን ሰንጠረዥ ለዛንዚባር ወደብ ፈልጊ። ዝቅተኛው ውሃ ረፋድ ላይ የሚውልበትን ቀን ያዢ። ሙሉ ጨረቃና አዲስ ጨረቃ ሰሞን ብዙ ጊዜ እንደዚያ ነው።

የመንታ_እናት

@ጨረቃ_ቆጣሪ በእውነት ይህን ማንም አልነገረኝም። ሦስት ድርጅት ጠይቄ አንዱም ስለ ውሃ አላነሳም። ሁሉም "ማንኛውም ቀን ይቻላል" ነው ያሉኝ።

አልጋ_ወዳድ

ሰዓት ከተነሳ የእኔን ጉድ ልንገራችሁና ሳቁብኝ።

ጀልባ ያስያዝኩት ቀጥታ ከካፒቴኑ ጋር በስልክ ነበር። እንግሊዝኛው ትንሽ ነው፣ የእኔ ስዋሂሊ ደግሞ ጭራሽ የለም። "ቱ ኦ ክሎክ" አለኝ። እሺ አልኩ። እኔ የሠለጠንኩ ሰው ነኝ፤ ፈረንጅ "ቱ" ሲል ከሰዓት በኋላ 8 ሰዓት እንደሆነ አውቃለሁ። ለሚስቴም "ነገ ተኚ፣ የምንሄደው ከምሳ በኋላ ነው" አልኳት።

ጠዋት ስልኬ ጮኸ። ካፒቴኑ ነው። ባሕሩ ዳር ቆሞ እየጠበቀን ነው።

ለካ ስዋሂሊ ተናጋሪዎች ሰዓት የሚቆጥሩት ልክ እንደኛ ነው! ፀሐይ ስትወጣ ይጀምራሉ። "ሳ ምቢሊ" ማለት ሁለት ሰዓት ነው፣ የጠዋቱ የእኛው ሁለት ሰዓት። ሰውዬው የራሱን ሰዓት በእንግሊዝኛ ቁጥር ነገረኝ። እኔ ደግሞ የገዛ አገሬን አቆጣጠር ትቼ በፈረንጅ ተረጎምኩት። ዝም ብዬ እንደ አበሻ ብሰማው ኖሮ በትክክል እደርስ ነበር።

ተጣድፈን ደረስን፣ ግን ሁለት ሰዓት ሙሉ አልፏል። ናኩፔንዳ ላይ የቀረልን አሸዋ የአንድ ሳሎን ያህል ነበር። ምሳችንን ስንጨርስ ውሃው ቁርጭምጭሚታችን ላይ ነበር። ሚስቴ ሳህኗን ይዛ ቆማ የበላችበት ፎቶ አለኝ።

ጨዋማ

@አልጋ_ወዳድ ሞትኩ በሳቅ 😂 ሁለታችሁም በአንድ አቆጣጠር ትቆጥራላችሁ፣ በሦስተኛ ሰው ቋንቋ ተጣላችሁ።

አልጋ_ወዳድ

ምክሬ፦ ቁጥሩን ብቻ አትቀበሉ። "አሱቡሂ" ማለት ጠዋት ነው። "ሳ ምቢሊ አሱቡሂ" ካለ ሁለት ሰዓት ጠዋት ነው፣ አለቀ። ድርጅት ከሆነ ደግሞ ቢሮ ያለው ልጅ በፈረንጅ ሰዓት ነው የሚጽፈው። ስለዚህ ሁለቱንም ጠይቁ። የሰዓት ቀጠናው ከእኛ ጋር አንድ ነው፤ እሱ እንኳ አያሳስብም።

ቀብድ_በላኝ

ስሜን እያያችሁ ነው። ስቶን ታውን ባሕር ዳር ላይ እየተከተሉ "ጀልባ፣ ጀልባ" የሚሏችሁ ልጆች አሉ። የአገሬው ሰው "ፓፓሲ" ይላቸዋል፤ መዥገር ማለት ነው። ሁሉም አጭበርባሪ አይደሉም፣ ኑሯቸው ነው። ግን ለአንዱ ሙሉውን በጥሬ ገንዘብ ከፈልኩት፣ በማግስቱ የመጣው ሌላ ሰው ነው፣ ጀልባውም ሌላ ነው። ያሳየኝ ጣሪያ ያለው ነበር፤ የመጣው ራሰ በራ ነው።

አሁን የማደርገው፦ ከአንድ ቀን በፊት ራሴ ሄጄ ጀልባውን አያለሁ። ከካፒቴኑ ጋር እጨባበጣለሁ። ትንሽ ቀብድ ሰጥቼ ደረሰኝ እይዛለሁ፣ ቀሪውን ስንመለስ። ዋጋው ውስጥ ምን እንዳለ አንድ በአንድ እጠይቃለሁ። ምሳ? ማስክ? የቻንጉ መግቢያ? ውሃ? ዋጋውን በዶላር ከነገሯችሁ በታንዛኒያ ሽልንግ ስንት እንደሚሆን ቀድማችሁ ተስማሙ። መጨረሻ ላይ ምንዛሪ ላይ ነው ንትርኩ የሚመጣው።

በነገራችን ላይ ከኦክቶበር 1 ቀን 2024 ጀምሮ የውጭ አገር እንግዳ የዛንዚባርን የጉዞ ኢንሹራንስ መግዛት ግዴታ ሆኗል። ለአዋቂ 44 ዶላር ነው። ከጀልባው ጋር አይገናኝም፣ ግን በጀታችሁ ውስጥ አስገቡት። ሌላ ደግሞ ልብስ በፌስታል እንዳትቋጥሩ። ታንዛኒያ ፌስታል ከከለከለች ቆየች።

ሲስተር_ዘ

የመንታ እናት፣ ነርስ ነኝ። ልጆችና እናት ስላሉ ጥቂት ነገር ልጨምር።

ላይፍ ጃኬት። "አለ" ሲሉሽ አትመኚ። የልጅ መጠን አለ ወይ ነው ጥያቄው። አልብሻቸውና ትከሻው ላይ ይዘሽ ወደ ላይ ሳቢው። ጃኬቱ ጆሯቸው ጋ ከደረሰ ሰፊ ነው፤ ውሃ ውስጥ ሲገቡ ተንሸራቶ ይወጣል። የአዋቂ ጃኬት ለ7 ዓመት ልጅ ማልበስ ባያለብሱት ይሻላል ለማለት ትንሽ ነው የቀረው። ለእናትሽም ከመነሳታችሁ በፊት አልብሻት፣ መሐል ባሕር ላይ አይደለም። "እኔ ለምኔ" ትልሻለች፤ አትስሚያት።

ማቅለሽለሽ። ጀልባው መሐል ወይም ወደ ኋላ ተቀመጡ፤ ፊቱ ነው የሚዘልለው። ስልክ አይታይ። ዓይን ሩቅ ላይ፣ ሰማይና ባሕር የሚገናኙበት ላይ ይሁን። ባዶ ሆድም ጥጋብም ጥሩ አይደለም። ክኒኑ የሚሠራው ከመነሳት በፊት ሲዋጥ ነው፤ ማቅለሽለሽ ከጀመረ በኋላ ጥቅሙ ትንሽ ነው። እናትሽ የግፊት ወይም የዓይን መድኃኒት የምትወስድ ከሆነ ግን ሐኪሟን ሳትጠይቂ አትስጫት።

ፀሐይ። ዛንዚባር ከምድር ወገብ በደቡብ 6 ዲግሪ ላይ ናት። ነፋሱ ስለሚያቀዘቅዝ መቃጠላችሁ አይታወቃችሁም፤ ማታ ነው የሚለበልበው። "እኛ ጥቁር ነን፣ አያቃጥለንም" የሚለውን ተዉት። እጅጌው ረጅም የሆነ የዋና ልብስ ለልጆች ከየትኛውም ቅባት ይበልጣል። ለፊትና ለእግር ዚንክ ያለበት ሰንስክሪን ቀቡ።

እግር። አሸዋው መሐል ጃርት የመሰለች ጥቁር እሾሃም ፍጥረት አለች። እሾኋ ገብቶ ይሰበራል። ስለዚህ ሁሉም ሰው ተረከዙን የሚይዝ የውሃ ጫማ ያድርግ፤ ሸበጥ አሸዋ ይውጠዋል። ከተወጋችሁ በመርፌ አትቆፍሩ። ቆዳ የሚችለው ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክራችሁ አቆዩና ወደ ክሊኒክ ሂዱ።

የመንታ_እናት

@ሲስተር_ዘ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እማዬ ግፊት አለባት፤ እጠይቃለሁ። አንድ ሌላ ጥያቄ፦ ከጀልባ እንዴት ነው የሚወረደው? ጉልበቷን ያማታል።

ኤሊው

ይህን መጠየቅሽ ጥሩ ነው፤ ማንም ድረ ገጽ ላይ አይጽፈውም። ብዙ ቦታ መውረጃ መድረክ የለም። ጀልባው ጥልቀት የሌለው ውሃ ላይ ይቆማል፣ በትንሽ መሰላል ትወርጃለሽ፣ ጉልበት ድረስ ውሃ ውስጥ ገብተሽ በእግርሽ ትወጫለሽ። አንዳንዱ ጀልባ መሰላሉ ከብረት ነው፣ አንዳንዱ ሁለት ጣውላ ነው፣ አንዳንዱ ደግሞ የካፒቴኑ ትከሻ ነው። ጀልባውን ልታዪ ስትሄጂ መሰላሉን አውርዱልኝ በያቸው።

እኔ የምመክርሽ ናኩፔንዳንና ቻንጉን አንድ ላይ ነው። ሁለቱም ከስቶን ታውን በምዕራብ በኩል ናቸው፤ እያንዳንዳቸው በሞተር ጀልባ ግማሽ ሰዓት ገደማ። እናትሽ ብትደክም ወዲያው ሆቴል ናችሁ።

ቻንጉን "የእስር ቤት ደሴት" ይሉታል። እስር ቤት በ1893 ተሠራበት፣ ግን እስረኛ ገብቶበት አያውቅም። ከመርከብ የሚወርዱ ሰዎች ቢጫ ወባ ይዘው እንዳይገቡ ማቆያ ነው የሆነው። ከዚያ በፊት ግን ታሪኩ ከባድ ነው፤ ያመፁ ባሪያዎችን ያስሩበት ነበር። መንታዎቹ ግን ይህን አይሰሙሽም። የሚያዩት ኤሊዎቹን ነው። በ1919 ከሲሼልስ አራት ትልልቅ የአልዳብራ ኤሊዎች በስጦታ መጡ፤ ዛሬ ካሉት ብዙዎቹ ዘሮቻቸው ናቸው። አንዳንዱ ጀርባው ላይ ዕድሜው በቀለም ተጽፏል። ከ100 ዓመት በላይ የሆነ ታያላችሁ። ወንዱ ከ200 ኪሎ በላይ ሊመዝን ይችላል። ቅጠል ስትሰጡት ቀስ ብሎ አንገቱን ያወጣል፣ ያኝካል፣ ይዘጋል። ልጆች ከሰዓታት በኋላም አይነሱም። እናትሽም ጥላ ሥር ወንበር ታገኛለች።

ሸራ

ነሐሴ ስለሆነ አንድ ነገር ላክል። በዚያ ወቅት የሚነፍሰው "ኩሲ" የሚሉት የደቡብ ነፋስ ነው። ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ገደማ ደግሞ "ካስካዚ" ከሰሜን ምሥራቅ ይመጣል። የጥንት ነጋዴዎች በካስካዚ ከዓረብ ወደዚህ መጥተው በኩሲ ይመለሱ ነበር፤ የዛንዚባር ታሪክ በእነዚህ ሁለት ነፋሶች ላይ የቆመ ነው ማለት ይቻላል።

ለአንቺ ትርጉሙ ምንድን ነው? በኩሲ ወራት የምሥራቁ በኩል ሞገዱ ይበረታል። ምዕራቡ፣ ማለትም ስቶን ታውን በኩል፣ በደሴቱ ይከለላል። ነፋሱ ከሰዓት በኋላ ስለሚጨምር ጠዋት ወጥቶ በጊዜ መመለስ ነው። ካፒቴኑ "ዛሬ አንወጣም" ካለ ደግሞ አትከራከሩ። እሱ ገንዘቡን አጥቶ ነው የሚነግራችሁ።

በሸራ የሚሄደው የእንጨት ጀልባ፣ ዳው፣ ነፍስ ያረካል። እኔ በደቡብ ምዕራብ ከፉምባ ተነስቼ ሜናይ ባሕረ ሰላጤ ነበር የሄድኩት። በ1997 የተከለለ የጥበቃ ቦታ ነው። ክዋሌ የምትባል ደሴት ላይ ማንግሮቭ (ባሕር ውሃ ውስጥ የሚበቅል ዛፍ) መሐል የገባ ውሃ አለ፤ ሲሞላ ትዋኙበታላችሁ። ግን ቀኑ ረጅም ነው። ለእማማ ሁለተኛ ጉዞ ይሁንላቸው።

ደረቅ_መሬት

ይቅርታ፣ ሁሉንም አነበብኩ። ከእናቴ ጋር ብሄድ እኔም የግል ነው የምይዘው። አሸነፋችሁኝ።

ግን አንድ ልጨምር። ናኩፔንዳ ዳር ቀይ ኮከብ ዓሣ ይታያል። አስጎብኚዎቹ አውጥተው እጃችሁ ላይ ያስቀምጡላችኋል፣ ለፎቶ። እባካችሁ እምቢ በሉ። ከውሃ ወጥቶ ሲቆይ ይጎዳል፤ ባለበት ጎንበስ ብሎ ማየት ይቻላል። ዶልፊን ካያችሁም ካፒቴኑን "ተከተለው" አትበሉት።

የመንታ_እናት

ተመለስን! እንደ ቃሌ ልንገራችሁ።

ሙሉ ጨረቃ በወጣች ማግስት ነው የያዝነው። ጉድለቱ ረፋድ ላይ፣ 5 ሰዓት ሊሆን ትንሽ ሲቀረው ነበር። ጀልባውን ከአንድ ቀን በፊት አየሁት። መጀመሪያ ያሳዩኝ የልጅ ጃኬት ልጄን ሊውጠው ደረሰ፤ የሲስተርን ፍተሻ ስሠራ ካፒቴኑ ሳቀና ሌላ አመጣ። ሰዓት ሲነግረኝ "ሳ ምቢሊ" አለ። እኔም "ሁለት ሰዓት፣ ጠዋት" ብዬ ጣቴን ወደ ፀሐይ መውጫ ቀሰርኩ። አልጋ ወዳድ፣ በአንተ ስም ነው ያደረግኩት።

ናኩፔንዳ ስንደርስ አሸዋው ገና ከውሃው እየወጣ ነበር። ጀርባው ብቻ ይታያል፣ እርጥብ፣ ማንም ያልረገጠው። ሌሎቹ ጀልባዎች የመጡት ከእኛ በኋላ ነው። ለአንድ ሰዓት ገደማ የእኛ ብቻ ነበር። ባለቤቴ መንታዎቹን ይዞ ዋኘ። አንደኛው አንድ ጎንጭ ጨዋማ ውሃ ጠጥቶ አለቀሰ፣ ሌላው ሊቀምሰው ገባ።

እማዬ መሰላሉን ኋላዋን ሰጥታ ወረደች፤ ካፒቴኑ እጇን ይዞ። ውሃው ጉልበቷ ድረስ ሲደርስ ቆመች። አማተበች። ከዚያ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረችና ብቻዋን የአሸዋውን ጫፍ ይዛ ሄደች። ስጠራት አልሰማችኝም፤ ወይም ሰምታ ተወችኝ።

ቻንጉ ላይ ኤሊው ትክክል ነበር። መንታዎቹን ለማስነሳት ተቸገርን። እማዬ ጀርባው ላይ ትልቅ ቁጥር የተጻፈበትን ኤሊ አይታ "ይሄስ አንቱ የሚባል ነው" ብላ ቅጠል ሰጠችው። "ይብሉ" እያለች።

ያልተሳካው መመለሻው ነው። ኤሊዎቹ ጋ ቆይተን ከሰዓት በኋላ ሆነ፣ ነፋሱም ተነሳ። ሩብ ሰዓት ያህል ጀልባው እየዘለለ ነው የመጣነው፣ ሁላችንም ረጠብን። እኔ ነኝ ያቅለሸለሸኝ፤ ክኒኑን ለሁሉም ሳስብ ለራሴ ረስቼ። እማዬ መሐል ላይ ተቀምጣ ዓይኗን ከሩቁ መስመር አላነሳችም። ምንም አልሆነችም።

አሁን ቤት ከገባን ጀምሮ "ያ የሸራው ጀልባ እንዴት ነው?" እያለች ነው። @ሸራ፣ የፉምባዎቹ ዳው መሰላል ምን ዓይነት ነው? ስንት ደረጃ አለው?